ከላፍቶ እስከ ሰባ ደረጃ በሦስት ጎማ

የላፍቶ ሰው ፒያሳ ደርሶ ለመመለስ አንድ ቀን ይበቃዋል። ጠዋት ወጥቶ፣ ጉዳዩን ጨርሶ፣ ሱቅ ለሱቅ ዞሮ ማታ ቤቱ ይገባል። እኔ ዓርብ ወጥቼ ሰኞ ነው የተመለስኩት። ከተመለስኩ ወዲህ የሰፈሩ ሰው አጥሬ ሥር እየቆመ እንዴት ደረስክ፣ የት አደርክ፣ ምን በላህ ይለኛል። ለእያንዳንዱ ከምደግመው አንዴ ጽፌው ልገላገል ብዬ ነው። ፒያሳን የሚያውቅ ሞልቷል። ፒያሳን ከተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆኖ ያየ ግን ብዙ ያለ አይመስለኝም፤ በዚያ ቁመት ሲታይ ሌላ አገር ነው።

ለማያውቀኝ፣ ወርቁ እባላለሁ። ዕድሜዬን የአሰብ መስመር ሾፌር ሆኜ ኖሬያለሁ። አንድ ክረምት መኪናው ከነተሳቢው ገደል ገባ፤ እኔ ጋቢና ውስጥ ነበርኩ። ከዚያን ቀን ወዲህ ከወገቤ በታች ያለው አካሌ አይታዘዘኝም። አሁን የምነዳው በእጅ የሚዘወር ባለ ሦስት ጎማ ወንበር ነው። ፔዳሉ ደረቴ ፊት ነው፣ ካቴናው ወደ ፊተኛው ጎማ ይወርዳል፣ ፍሬኑ ደስ ባለው ቀን ይይዛል።

የሄድንበት ጉዳይ ሽምግልና ነው። የእህቴ የብዙነሽ ልጅ ዳዊት፣ አባቱ በልጅነቱ ሞቶበት እኔ እጅ ላይ ያደገ፣ አሁን አስተማሪ ነው። አብራው የምታስተምር ሰናይት የምትባል የፒያሳ ልጅ ወደደ። ሐምሌ ላይ ሽማግሌ ላክን። ያኔ የላፍቶ ጭቃ ለባለ እግሩም አልሆነም፤ እኔ ቀረሁ። የሄዱት የንስሐ አባታችን መምሬ ጥላሁንና የድሮ ረዳቴ ሸምሱ ናቸው። የልጅቷ አባት አቶ ዘለቀ ነገሩን ሁሉ ከሰሙ በኋላ፣ "ልጁን ያሳደገው አጎቱ ነው ብላችኋል። ታዲያ አጎትየው የት አሉ?" ብለው ጠየቁ። መምሬም ቶሎ ብለው "ትንሽ አሟቸው ነው" አሉ።

ትንሽ አሟቸው ነው። ጉንፋን የያዘኝ ነው የሚመስለው። መምሬ ክፉ አስበው አይደለም። ጋብቻ ሲታሰብ ዘር ይጣራል፤ ቤተሰቡ ውስጥ እግሩ የማይሠራ ሰው አለ ከተባለ ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ "በእናት በኩል ነው በአባት በኩል?" የሚል ነው። ይሉኝታ ያዛቸውና ሸፈኑኝ። አቶ ዘለቀ ግን የተናቁ መሰላቸው። "ከመስቀል በኋላ አጎትየው ራሳቸው ይምጡ። ያን ጊዜም ከቀሩ ግን ሌላ ቀጠሮ የለም" ብለው ሸኟቸው። እንግዲህ ነገሩ ይኸው ነው፤ እኔ ካልሄድኩ ዳዊት ሰናይትን አያገባም።

መስቀል ሲያልፍ መምሬ ዘዴ ይዘው መጡ። በደንቡ ሽማግሌ ጉዳዩ ሳይሰማለት አይቀመጥም፤ ቆሞ ነው የሚጠይቅ። የመምሬ ዘዴ እኔን በታክሲ ማድረስ፣ ሸምሱ አዝሎኝ እንዲገባ ማድረግ፣ ከዚያም ግራና ቀኝ ደግፈው ማቆም ነው።

"በሽታ ያደከመው ሰው ነው የሚመስሉት" አሉኝ። "ጋቢ ጣል እናደርግልዎታለን። ማን ያያል?"

"መምሬ፣ እኔ እኮ ቁም ሣጥን አይደለሁም" አልኳቸው። "የሰው ልጅ ልንጠይቅ ሄደን በውሸት ልንጀምር ነው? በራሴ ጎማ እሄዳለሁ። ካልሆነም ይቅር።"

ብዙነሽ ጓዳ ገብታ አለቀሰች። ሚኒባሶቹ ወንበሩን አይጭኑም፤ አንዴ ከላይ ጭነውልኝ ጎማው ተጣሞ ነው የወረደ። ላዳ ታክሲ ውስጥ ደግሞ አይገባም። ስለዚህ፣ ቀጠሮው ለእሑድ ተቆርጦ ስለነበር፣ እኔ ዓርብ መነሳት ነበረብኝ። መምሬ እሑድ ዕለት በታክሲ መጥተው እዚያው እንዲጠብቁን ተስማማን።

ዓርብ፣ ከላፍቶ መካኒሳ አቦ

ብዙነሽ ሙሉ ልብሴን አቧራ እንዳይነካው በፌስታል ጠቅልላ ከኋላ አሰረችልኝ። ዳቦ ቆሎም አስያዘችኝ። ዳዊት አስፋልት እስክትደርስ ልግፋህ አለኝ። ሙሽራ ሽማግሌውን እየገፋ የሚሄድበት አገር የለም ብዬ መለስኩት። እስከ ወንዙ ድልድይ ድረስ ግን ራቅ ብሎ ከኋላዬ መጣ። ዞር ብዬ ሳየው "ዕቃ ልገዛ ነው" አለኝ። በዚያ በኩል ሱቅ የለም።

የጥቅምት መንገድ እንደምታውቁት ነው። ክረምቱን ጋሪና ትራክተር ያቦካው ጭቃ እንደተቦካ ይደርቃል። ሰው የሚረሳው አንድ ነገር አለ። የጋሪ ጎማ ሁለት ነው፣ መንገዱም የሚቦረቦረው በሁለት መስመር ነው። የእኔ ሦስተኛ ጎማ ሁልጊዜ መሀል ጉብታው ላይ ይወጣና ሁለቱ የኋላ ጎማዎች ጉድጓድ ውስጥ ይቀራሉ። በአሰብ መንገድ የአሸዋ ማዕበል አይቻለሁ፣ የአፋርን ሙቀት አይቻለሁ፤ በላፍቶና በመካኒሳ መካከል እንዳለው መንገድ ያደከመኝ ግን የለም።

ከወንዙ ባሻገር ያልደረቀ ጉድጓድ ውስጥ ገባሁና ቀረሁ። ብዘውር ካቴናው ወለቀ። ጤፉን ሲያይ የነበረ አንድ ገበሬ መጥቶ "አካም ቡልቴ" አለኝ። በማውቃት ቁራጭ ኦሮምኛ ሰላምታውን መለስኩለት። ዙሪያዬን ዞሮ አየ፣ ሄደ፣ ሁለት በሬዎቹን ነድቶ መጣ። ወንበሩን በገመድ ከቀንበሩ ጋር አሰረው። ስንት ዘመን ስነዳ አንድ ቀን እንኳን ተጎትቼ የማላውቀው ሰውዬ በበሬ ተጎትቼ ወጣሁ። ካቴናውን እየመለስኩ ሳለ "የት ነው የምትሄደው?" አለኝ።

"ፒያሳ።"

"በዚህ?" አለና በሬዎቹን አያቸው። ልሸጥልህ ሊለኝ መስሎኝ ነበር። ግን "በሰላም ግባ" ብሎኝ ሄደ።

መካኒሳ አቦ የሸምሱ ሱቅ በር ላይ ስደርስ ቆሜ የምሄድ ብሆን ኖሮ እወድቅ ነበር። ሸምሱ ለብዙ ዓመት የእኔ ረዳት ነበር። አሁን ሚስማርና ቀለም ይሸጣል፤ ሆዱም ትንሽ ገፋ ብሏል። የቤቱ ደፍ ከፍ ያለ ነው። እኛ ላፍቶ ደፍ የሚባል ነገር የለም፤ ዶሮውም ጥጃውም እኩል ይገባል። የሸምሱ ባለቤት ረህመት ወንበሬን አንዴ፣ ደፉን አንዴ አየችና ሱቅ ገብታ ከመደርደሪያው ላይ ሰፊ ሳንቃ አውርዳ መጣች። ላዩ ላይ የነበረው የቀለም ቆርቆሮ ሁሉ መሬት ተደርድሮ ነበር። ሸምሱ ምንም አላላትም፤ ያገባ ሰው መሆኑ ያስታውቃል።

ቀኑ ዓርብ ስለሆነ ጾም ነው። አልነገርኳትም። እሷ ግን ቆጮና በዘይት የተሠራ ጎመን አቀረበች።

"ይብሉ ጋሼ ወርቁ። ድስቱ ሥጋም ቅቤም ነክቶት አያውቅም" አለችኝ። "የእናንተ ሰው ሲመጣ ብዬ ለብቻው ያስቀመጥኩት ነው።"

በላሁ። ብዙ በላሁ። ላፍቶ እንደዚያ የሚቀመጥ ድስት ያለው ቤት አላውቅም፤ ስመለስ ለብዙነሽ ነግሬያታለሁ።

ከራት በኋላ ሸምሱ ከሱቁ ባንኮኒ ሥር ጎንበስ ብሎ አንድ ነገር ጎትቶ አወጣ። ባንኮኒው በአንድ በኩል ዘመም አለ። ያወጣው የድሮ መኪናችን ታኮ ነው፤ ዳገት ላይ ስንቆም ከጎማ ሥር የምንወትፈው፣ ዘይት ጠጥቶ የጠቆረ የእንጨት ሽብልቅ።

"አልጣልከውም?" አልኩት።

"መኪናው ይጣላል እንጂ ታኮ ይጣላል እንዴ?" አለኝ። "ነገ አብሬህ እሄዳለሁ። ከለገሃር በላይ ያለው ዳገት ያለ ረዳት አይወጣም።"

"እንዳትገፋኝ ግን።"

"ረዳት መቼ ገፍቶ ያውቃል? ያቆማል እንጂ።"

ቅዳሜ፣ ከመካኒሳ ሜክሲኮ

ከመካኒሳ ጀምሮ አስፋልት ነው። አስፋልት ላይ ስወጣ የተሰማኝ ነገር ገላ እንደታጠበ ሰው ነው። ግን ወዲያው ሌላ ጣጣ መጣ። ላፍቶ መንገዱ የሰውና የከብት ስለሆነ ቀድመህ ሰላም ካልከው ያሳልፍሃል። እዚህ ሰላምታ ጥሩምባ ነው። ሳር ቤት አካባቢ አንድ ሚኒባስ አጠገቤ ቀስ ብሎ ሄደ፤ ወያላው በመስኮት ወጥቶ "ሜክሲኮ፣ ሜክሲኮ" እያለ ሳለ አየኝና "ፋዘር፣ ስንት ሰው ትጭናለህ?" አለኝ።

"ረዳቴንም አልጫንኩ። በእግሩ እየመጣልህ ነው" አልኩት።

ተሳፋሪው ሳቀ። ሸምሱ ታኮውን በሻሽ አስሮ ትከሻው ላይ አንጠልጥሎ፣ በነጭ ቆቡ ላቡን እየጠረገ ከኋላ ይመጣ ነበር። ወያላው ሲያየው አንገቱን ወደ ውስጥ መለሰ፤ ምን እንደሆንን ማወቅ ያቃተው ይመስለኛል።

ሳር ቤትን እንዳለፍን ጎማ ተነፈሰ። ጎሚስታው ሰውዬ የመኪና ጎማ እየፈታ ነበር፤ ትቶ መጣ። እኔን ሳያነሳ፣ ውረድም ሳይል፣ ወንበሩን በአንድ በኩል በጃክ ከፍ አደረገው። ጎሚስታ ሠፈር ሙሉ ዕድሜዬን ሳሳልፍ ራሴ በጃክ ስነሳ ያ የመጀመሪያዬ ነው። ሸምሱ ሳቁን ለመደበቅ ፊቱን አዞረ። ለጥፎ ሲጨርስ ነፋሱን ለከባድ መኪና እንደሚሞላ ሞላው፤ እስከ ሜክሲኮ ድረስ እያንዳንዱ ጠጠር ወገቤ ላይ ደረሰ።

ሜክሲኮ ጀርባ አልጋ ቤት ፈለግን። ሦስቱ ቤቶች አልጋው ፎቅ ላይ ነው አሉን። አራተኛው የወይዘሮ ጽጌ ነው፤ ወፍራም፣ ቁጡ የምትመስል፣ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያሰረች ሴት። ምድር ላይ አንድ ክፍል ነበራት። ወንበሩ ግን በበሩ አልገባ አለ፤ የሚጎድለው ጣት የማይሞላ ነው። ወንበሩን ውጭ ትተነው ሸምሱ አልጋው ላይ ሊያደርሰኝ ይችል ነበር። ሆኖም ወንበሬ ውጭ ካደረ እኔም እንቅልፍ የለኝም፤ የተሰረቀ እንደሆነ የዳዊትም ነገር አብሮ ተሰረቀ።

ወይዘሮ ጽጌ በሩን አየች። "መዝጊያው ነው እንጂ በሩማ ይበቃዋል" አለች። ጠራቢ ጎረቤቷን አስጠርታ መዝጊያውን ከነማጠፊያው አስነቀለችው። ወንበሩ ገባ። በመዝጊያው ቦታ አበባ ያለበት የአልጋ ልብስ ሰቀለችልን።

"ሌባስ?" አልኳት።

"እኔ በሩ ፊት ነው ወንበር አውጥቼ የምቀመጠው" አለች። "ደንበኞቼ ከሌባ ይልቅ እኔን ይፈራሉ።"

እውነቷን ነው፣ እኔም ፈርቻት ነበር። ያቺ ሴት ስሜን ሳትጠይቅ ነው ቤቷን ያፈረሰችልኝ።

እሑድ፣ ሰባ ደረጃ

ጠዋት ሙሉ ልብሴን ለበስኩ፤ ከላይ ጋቢ ጣል አደረግሁ። ለገሃር ስንደርስ ባቡር ጣቢያው ፊት ያለውን አንበሳ ቆመን አየን። ባቡሩ ወደ ጅቡቲ፣ እኛ ወደ አሰብ፣ ለዘመናት ጭነት ስንሻማ የኖርን ባላንጣዎች ነን። አሁን እሱም ሳል ይዞታል፣ እኔም ይኸው ነኝ። ሸምሱ አንበሳውን "ሰላም ነው?" አለው።

ከዚያ ወደ ማዘጋጃ ቤቱ የሚያወጣው ዳገት መጣ። መኪና ውስጥ ሆኜ መቶ ጊዜ ወጥቼዋለሁ፤ ዳገት መሆኑን ግን ያወቅሁት ያን ቀን ነው። አሠራራችን እንደ ድሮው ሆነ። እኔ ክንዴ እስኪዝል እዘውራለሁ። ሲዝል "ያዝ" እላለሁ። ሸምሱ ታኮውን ከኋላ ጎማው ሥር ይወትፋል። እናርፋለን። "ልቀቅ" ይላል፣ እዘውራለሁ፣ ታኮውን አንስቶ ይከተላል። ከቤተ ክርስቲያን የሚመለስ ሰው እየቆመ አየን። አንድ ሽማግሌ ሊገፉኝ እጃቸውን ሲዘረጉ ሸምሱ "አይንኩት አባቴ፣ ሾፌሩ አይወድም" አላቸው። ባለ ነጠላ ሴቶች ሳንቲም ሊሰጡኝ ቦርሳ ሲከፍቱም አይቻለሁ። ሙሉ ልብሴን ሲያዩ ግራ ገብቷቸው ዘጉት።

ፒያሳ ያረጀች ናት፤ አረጀች ስል ክፋት አይደለም። የእንጨት ሰገነት ያላቸው ቤቶች፣ ቀለማቸው የተላጠ መስኮቶች፣ ከላይ ሆኖ ታች ያለውን የሚያናግር ሰው። እኛ ላፍቶ ሰው ከላይ ሆኖ አያናግርህም፤ ከላይ የሚባል ነገር የለንም። ደግሞ ደረጃው። ዳቦ ቤቱ ደረጃ አለው፣ ሻይ ቤቱ ደረጃ አለው፣ ጌጣ ጌጥ ቤቱ ደረጃ አለው። ከተማው በሙሉ አንድ ክንድ ከፍ ብሎ የተቀመጠ ነው። ሻይ አምሮኝ አስተናጋጁ መንገድ ድረስ አመጣልኝና ቆሞ ጠበቀኝ፤ ብርጭቆው እንዳይጠፋበት ይሁን ለክብሬ አላወቅሁም።

ስህተት የሠራነው እዚህ ላይ ነው። መምሬ ለሸምሱ ቤቱን ሲያስታውሱት "ድልድዩ ጋ ስትደርሱ ሽቅብ ነው፣ የዛሬ ሦስት ወር በሄድንበት" ብለውታል። ሸምሱም ባወቀው መንገድ ከፒያሳ ቁልቁል ወደ ራስ መኮንን ድልድይ ይዞኝ ወረደ። ፍሬኑ አልያዘም፤ በሁለት እጄ ጎማውን እያሸሁ ነው የወረድኩት፣ መዳፌ ተላጠ። ድልድዩ ጋ ደርሰን ሸምሱ ወደ ላይ ጠቆመኝ። ቀና ስል ያየሁት ሰባ ደረጃን ነው።

ስሙ እንደሚለው ይሁን አይሁን አልቆጠርኩትም። ለእኔ አንዱም ሰባውም ያው ነው።

ሸምሱ ደረጃውን አየ፣ እኔን አየ። "ወላሂ ሾፌር፣ ደረጃ መሆኑን ረስቼው ነው። በእግሬ ስለወጣሁት መንገድ ነበር የመሰለኝ።" ሊያለቅስ ደረሰ። ከዚያ ዝቅ ብሎ፣ "ልዘልህ? እዚህ ማንም አያውቀንም" አለኝ።

እውነቱን ልናገር፣ እሺ ልል ነበር። ክንዴ አልቋል፣ መዳፌ ደምቷል፣ ሰዓቱ እየሄደ ነው። ዳዊት ከድልድያችን ላይ ሲያየኝ ትዝ አለኝ። ተሸክመውኝ ብገባና በሰዓቱ ብደርስ አይሻልም ወይ ብዬ ከራሴ ጋር ተከራከርኩ። ፈርቼ ነበር። በመጨረሻ "ታኮህን ያዝ" አልኩት፤ የወረድነውን ዳገት መልሰን ወጣነው፤ ቤቱንም በላይኛው መንገድ ዞረን ያዝነው።

አቶ ዘለቀ ግቢ የደረስነው ከቀጠሮው በጣም ዘግይተን ነው። መምሬ በነጭ ጋቢያቸው በሩ ላይ ቆመው መዝሙረ ዳዊት ይደግሙ ነበር፤ ሲያዩን መጽሐፉን ኪሳቸው ከተቱት። ቤቱ በድሮ ጊዜ አርመን የሠራው ነው ይባላል፤ ሳሎኑ ፎቅ ላይ ነው፣ የሚወጣውም በውጭ በኩል ባለ የእንጨት ደረጃ ነው። ሦስታችንም ግቢው መሀል ቆምን። መቼም ቆምን ልበል። ከፊቴ አበባ የተተከለበት በርሜል ነበርና ከላይ ለሚያይ ሰው የሚታየው ከደረቴ በላይ ነው።

አቶ ዘለቀ ሰገነቱ ላይ ወጡ። ቀጭን፣ ከረባት ያሰሩ፣ ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ከኋላቸው ሴቶች ነበሩ።

"ዘገያችሁ" አሉ። "ይሁን። ውጡ፣ ግቡ፣ ቁጭ በሉ።"

መምሬ እንደ ደንቡ "እግዜር ያክብርልን። ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም" አሉ።

አቶ ዘለቀ መነጽራቸውን አስተካክለው ቁልቁል አዩን። "ሁለታችሁ ቆማችኋል" አሉ። "ሦስተኛው ሽማግሌ ግን ቀድመው የተቀመጡ ይመስለኛል።"

ሰገነቱ ላይ አንዷ ሳቀች፤ ሌላዋ ዝም አሰኘቻት። ሰውዬው አልሳቁም። ሐምሌ ላይ የቀረው ሰው ዛሬ ዘግይቶ መጥቶ ሳይፈቀድለት ተቀምጧል፤ እሳቸው የሚያዩት ይኸን ነው። መምሬ ላብ አሰመጣቸውና "እሳቸው እንኳ ትንሽ አሟቸው..." ብለው ጀመሩ።

"መምሬ፣ ይተዉት" አልኳቸው።

ፔዳሉን አዙሬ ከበርሜሉ ጎን ወጣሁ። ጋቢውን ከጉልበቴ ላይ ገለጥሁት።

"አቶ ዘለቀ፣ ወርቁ እባላለሁ። ልጁን ያሳደግሁት እኔ ነኝ። አላመመኝም። መኪና ተገልብጦብኝ እግሬ አይሠራም። የዘር አይደለም፣ የአሰብ መንገድ ነው። ሐምሌ ላይ የቀረሁት ንቄዎት አይደለም፣ የሰፈራችን ጭቃ አላሳልፍ ብሎኝ ነው። ከዓርብ ጀምሮ መንገድ ላይ ነኝ። ተቀምጠዋል ላሉኝ፣ የተቀመጥኩት የራሴን ወንበር ይዤ መጥቼ ነው። የእርስዎን ወንበር ግን እርስዎ ሳይፈቅዱ አልነካም።"

"ከላፍቶ በዚህ ነው የመጡት?"

"በዚህ ነው።"

"በእጁ ነው" አለ ሸምሱ። ታኮውን ከፍ አድርጎ አሳያቸው፤ ለምን እንዳሳያቸው እሱም አያውቅም።

አቶ ዘለቀ ዞረው ወደ ውስጥ ገቡ። ሴቶቹም ተከትለዋቸው ገቡ። ሦስታችን ግቢው ውስጥ ቀረን። አለቀ ብዬ ነበር። ለዳዊት ምን ብዬ እንደምነግረው ቃል እየፈለግሁ ነበር።

ከዚያ ደረጃው ጮኸ። አቶ ዘለቀ እየወረዱ ነበር። አንድ ጉልበታቸው አይታጠፍም፤ በእያንዳንዱ እርከን ላይ ሁለቱንም እግር ያሳርፋሉ። በአንድ እጃቸው መደገፊያውን፣ በሌላው የሳሎን ወንበር ይዘዋል። ቁመቱ ረጅም፣ ጀርባው የተጠረበ የድሮ ወንበር። ሰው ሊቀበላቸው ሲመጣ ራሳቸውን ነቅንቀው መለሱት። ወንበሩን ፊት ለፊቴ አቁመው ጀርባውን ይዘው ቆሙ፣ እሳቸውም አልተቀመጡም።

"ተናገሩ" አሉ።

መምሬ ተናገሩ። ልጅዎን ለልጃችን እንዲሰጡን ብለው፣ በአምላክ ስም፣ በእመቤታችን ስም፣ እንደ ደንቡ። አቶ ዘለቀ ሲሰሙ ቆይተው እኔን ጠየቁኝ።

"ላፍቶ መብራት አለ?"

"አንዳንድ ቀን።"

"ልጄ ጭቃ አታውቅም።"

"ዳዊትም ደረጃ አያውቅም" አልኳቸው። "ይማማራሉ።"

ያን ጊዜ ከንፈራቸው ትንሽ ተንቀሳቀሰ። ወደ ሸምሱ ዞረው "ያቺን እንጨት ጎማው ሥር አድርጋት" አሉት። ሸምሱ ወተፈ። አቶ ዘለቀ ጎንበስ ብለው ፊታቸውን ወደ ፊቴ አቀረቡ፤ የመላጫ ሳሙናቸው ሸተተኝ። ዝቅ ባለ ድምፅ፣ እኔ ብቻ እንድሰማ፣ "ይፈቅዱልኛል?" አሉኝ።

ለመምሬ እምቢ ብያለሁ። ለሸምሱ ሰባ ደረጃ ሥር እምቢ ብያለሁ። ለእሳቸው ግን ክንዴን አንገታቸው ላይ ጣልኩ። በብብቴ ገብተው አነሱኝ፤ ጉልበታቸው ሲንቀጠቀጥ ተሰማኝ፣ ሸምሱ ሊደግፍ ሲመጣ "ተው" አሉት። ከቤታቸው ወንበር ላይ አስቀመጡኝ። የጋቢዬን ጫፍ አስተካከሉልኝ። ከዚያ ቀና ብለው ለመምሬና ለሸምሱ "እናንተም ተቀመጡ" አሉ።

እሺ የሚል ቃል ማንም አላወጣም። ከላይ እልልታው ወረደ።

ወንበሩና ጠረጴዛው ሁሉ ወደ ግቢ ወረደ። ለሸምሱ ከጎረቤት የሙስሊም ቤት ምግብ አስመጡለት፤ የረህመትን ድስት ነገር አነሳሁላቸው። ማታ ቁልቁል ወደ ሜክሲኮ ተመለስን። ወይዘሮ ጽጌ መዝጊያውን አልገጠመችውም ነበር። "መመለስዎ አይቀርም ብዬ ነው" አለችኝ።

ሰኞ፣ ወደ ቤት

መመለሻው ቁልቁለት ስለሆነ የምጽፈው ብዙ የለም። መካኒሳ አቦ ላይ ሸምሱ ታኮውን መልሶ ባንኮኒው ሥር ከተተው፣ ባንኮኒውም ቀጥ አለ። ለሠርጉ ይዞት እንደሚመጣ ነገረኝ። ገበሬውን በሩቅ አየሁት። እጁን አነሳልኝ፤ በሬዎቹ አላወቁኝም።

ወንዙ ድልድይ ላይ ዳዊት ቆሞ ነበር። ከመቼ ጀምሮ እንደቆመ አልጠየቅሁትም።

"ዕቃ ልገዛ መጥቼ ነው" አለኝ። ዓይኔን ሳያይ "ደህና ገባህ ጋሼ?" አለ። ከዚያ በላይ መጠየቅ ነውር ነው፤ ልጁን ነውር ያስተማርኩት እኔ ነኝ።

"አስቀመጡኝ" አልኩት።

ፊቱን ወደ ወንዙ አዞረ። ቆይቶ ዓይኑን በእጅጌው ጠርጎ ከኋላዬ ዞረና የወንበሩን መደገፊያ ያዘ፣ ይፈቅድልኝ ይሆን ብሎ ጠበቀ። እጄን ከፔዳሉ ላይ አነሳሁ።